ስስ አፉታ

ሐይቅ ከተማ ጨርቅ ስሸጥ ከተሰደብኩት ስድብ አብዛኛውን ረስቼዋለሁ። ስድብ ይዞ መኖር አይቻልም፤ ምሳ ይደርሳል፣ መብራት ይጠፋል፣ ሌላ ደንበኛ ይገባል፣ ስድቡም ወለሉ ላይ ከወዳደቀው ቁርጥራጭ ጋር ማታ ተጠርጎ ይወጣል። አንዷን ሴትዮ ግን አልረሳኋትም። እንዲያውም ስለሷ ልጽፍ ተነስቻለሁ። ከንዴት አይደለም። እስከ ዛሬ ካየሁት ሰው ሁሉ እንደሷ ያስደነቀኝ ስለሌለ ነው።

ሱቁ ከደሴ ወደ ወልድያ በሚያልፈው መንገድ ዳር፣ ወደ ሐይቁ የሚወርዱት ባጃጆች ከሚቆሙበት አጠገብ ነው። አሠሪዬ የአምባሰል ሰው ናቸው፤ ውጫሌ ተወልደው በጋብቻ ሐይቅ የገቡ፣ ሲናገሩም ሲራመዱም የማይቸኩሉ ሴት። እኔም ከዚያው ከአምባሰል ገጠር የመጣሁ፣ አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተፈትኜ ውጤት ያልመጣልኝ ልጅ ነበርኩ። ሥራ ልጠይቅ ስገባ አሠሪዬ ስለ ትምህርቴም ስለ ዘመዶቼም አላነሱም። "ሲሰድቡሽ ታለቅሻለሽ?" ብቻ ነው ያሉኝ። አላለቅስም አልኩ። "እንግዲያው ነገ ነይ" አሉኝ።

ጨርቅ ቤት ውስጥ ሰው ይሰድባል። ለምን እንደሆነ አሁንም አልገባኝም። ሽንኩርት ሲገዛ ጨዋ የሆነው ሰውዬ ጨርቅ ሲገዛ ንጉሥ ይሆናል። መደርደሪያው ላይ ያለውን ጣቃ በሙሉ አስወርዶ፣ አስዘርግቶ፣ ደረቱ ላይ ለክቶ በመስተዋት ካየ በኋላ "እንዲያው ለማየት ነው" ብሎ የሚወጣ አለ። ስልኩን ጆሮው ላይ ለጥፎ ባንኮኒውን በመኪና ቁልፍ የሚቆረቁር የመሥሪያ ቤት ሰው አለ፤ ለስልኩ "አዎ ጌታዬ" ይላል፣ ለኔ ደግሞ በአገጩ ይጠቁመኛል። ለሙሽራ የሚገዙት ከነዘመድ አዝማዳቸው ይመጡና እርስ በርሳቸው ያልተስማሙበትን ሁሉ ሻጭ ላይ ይወጡታል። የሙሽራው እናት ቀይ ትላለች፣ የሙሽሪት እናት ሮዝ ትላለች፣ መጨረሻ ላይ ሁለቱም የሚስማሙት እኔ የማልረባ ሻጭ መሆኔ ላይ ነው። ከእስጢፋኖስ ገዳም የሚወጡት መነኮሳት ሲመጡ ብቻ እንደ ዕረፍት እቆጥረው ነበር። የሚፈልጉትን በዝግታ ይናገራሉ፣ የተሰጣቸውን ተቀብለው "እግዚአብሔር ይስጥልን" ይላሉ፣ በእግራቸው ይመለሳሉ።

አሠሪዬ ለተቆጣ ሁሉ አንድ መልስ ነበራቸው። "እሺ የኔ እናት" ይሉና ሌላ ጣቃ ያወርዳሉ። ለወንድ ሲሆን "እሺ የኔ ጌታ" ነው። ሰውዬው ምን እንዳለ ያልሰሙ ይመስል ፊታቸው አይለወጥም። እኔም ከጊዜ ብዛት ተማርኩት፤ ከሆዴ ባይሆንም ከአፌ ይወጣልኝ ነበር።

ሴትዮዋ ግን ለእሺም አትመችም። ከከተማው ዳር ሐይቁን ከሚያዩት ቤቶች በአንዱ የምትኖር፣ ባሏ የሞተባት፣ ልጆቿን ብቻዋን ያሳደገች፣ ዕድሜዋ ከአሠሪዬ ከፍ የሚል ሙስሊም ናት። ድምፅዋ ከሰውነቷ ይቀድማል። ገና ዓሣ ሻጮቹ ጋ ሳለች እንሰማታለን፤ አሠሪዬም "መጣችልሽ" ይሉኛል ፈገግ ብለው። ገበያው በሙሉ ይፈራታል። ዓሣውን አፉን ከፍታ ታየዋለች፣ ቲማቲሙን እያገላበጠች ትሰድበዋለች፣ የሻጩን ሚዛን በሰው ፊት ትጠረጥራለች። እኛ ሱቅ ስትገባ ሰላምታ የለም። ጣቃውን ራሷ ትጎትታለች፣ ጫፉን በአውራ ጣቷና በሌባ ጣቷ መሃል ታሸዋለች፣ ከዚያ በሩ ጋ ወስዳ በብርሃን ታየዋለች።

"ይሄ ጨርቅ ነው ወንፊት? ዱቄት ልንፋበት?" ትላለች። "ስስ ነው። ሌላ የለሽም?"

ሌላው ሲወርድላት እሱም ስስ ነው። ሦስተኛው የአይጥ ቀሚስ ነው። አሠሪዬን "ይሄን ብለሽ ከደሴ ድረስ አስጫንሽ?" ትላቸዋለች። መጨረሻ ላይ ግን ትገዛለች፤ የገዛችው ጨርቅም ሁልጊዜ ከሱቁ የተሻለው ነው። ሴትዮዋ ምላሷ እንጂ ዓይኗ ተሳስቶ አያውቅም።

እናቴ የሞተችው በዐቢይ ጾም ነው። ሄጄ ቀብሬ ተመለስኩ፤ ጥቁር ለበስኩ። አሠሪዬ ጥቂት ጊዜ እንዳርፍ ቢለምኑኝም ቤት መዋል አልቻልኩም፤ ጣቃ ሳጣጥፍ ብውል ይሻለኝ ነበር። ፋሲካ አለፈ፣ የሠርግ ወራት ገባ፣ ሱቁም ሞላ። እኔ በዚያ ሁሉ ወርቃማና ሮዝ መሃል ጥቁሬን ለብሼ እቆም ነበር። አንዳንድ ደንበኛ "እግዚአብሔር ያጽናሽ" ይለኛል፤ አንዳንዱ አይቶ እንዳላየ ይሆናል።

አንድ የገበያ ቀን ሴትዮዋ ለልጇ ሠርግ ልትገዛ መጣች፤ እህቶቿንም አስከትላለች። አስወረደች፣ አሸች፣ በብርሃን አየች። በመጨረሻ ጥልፍ ያለው የወተት መልክ ጨርቅ ወደደች፤ ወደደች ማለቴ አልሰደበችውም። ለካሁ፤ መቀሱን አነሳሁ። ያኔ ገና ያየችኝ ይመስል ልብሴን ከላይ እስከ ታች አየችው።

"እንዳትነኪው!" አለች። "የልጄን የሠርግ ልብስ በሐዘንተኛ እጅ ላስቆርጥ? አንሺልኝ ይሄን ገደቢስ እጅሽን!"

ሱቁ ጢም ብሎ ነበር። እህቶቿ፣ ሌሎች ደንበኞች፣ በር ላይ ባጃጅ የሚጠብቁት፣ ሁሉም ሰሙ። ገደቢስ። ክፉ ዕድል ተከትሎት የሚዞር፣ የነካው የማይሰምር ሰው ነው እንዲህ የሚባለው። አሠሪዬ መቀሱን ከእጄ ወሰዱ። ያን ቀን "እሺ የኔ እናት" አላሉም፤ ቆርጠው ሰጧት። እኔ ወደ ጓዳ ገብቼ የታጠፈውን ጣቃ ዘርግቼ እንደገና ማጠፍ ጀመርኩ።

ከዚያ ወዲህ እጄን እያየሁ መኖር ጀመርኩ። እናቴ ማንኪያ መያዝ ሲያቅታት ያጎረስኳት በዚህ እጅ ነው። ፀጉሯንም ያበጠርኩት በሱ ነው። ገደቢስ ያለችው እሱን ነው። ሴትዮዋ ከዚያም በኋላ ምንም እንዳልተፈጠረ ትመጣለች፣ ጨርቁን ወንፊት ትለዋለች፣ እኔም ለአንሶላም ለመጋረጃም እቆርጥላታለሁ። እንደ ሌላው ስድብ ተጠርጎ ይወጣል ብዬ ጠበቅኩ። ዓመቱ ሞልቶ ጥቁሬን አወለቅኩ፤ ቃሉ ግን አልወለቀም። ጠላኋት። ይህን መሸፋፈን አልፈልግም፤ ድምፅዋን ከሩቅ ስሰማ ጓዳ የምገባበት ሰበብ እፈልግ ነበር።

ከዚያ አንድ ቀን ሴትዮዋ ሐጅ ልትሄድ ነው የሚል ወሬ መጣ።

ወሎ ውስጥ ሐጅ የሚሄድ ሰው ሻንጣውን አንጠልጥሎ ዝም ብሎ አይወጣም። የሰው ሐቅ ይዞ መሄድ ይፈራል። በፈጣሪ ላይ ያጠፋውን ፈጣሪ ይምረዋል፤ በሰው ላይ ያጠፋውን ግን ያው የተበደለው ሰው ካልማረው ማንም አይምርለትም ይላሉ። ስለዚህ ጎረቤቱን፣ ዘመዱን፣ የተገበያየውን ሁሉ እየዞረ "አፉ በሉኝ" ይላል። ይቅር በሉኝ ነው፤ እኛ ክርስቲያኖቹም ከሙስሊሙ እኩል የምንለው ቃል ነው። የተጠየቀው "አፉ ብያለሁ" ይላል፤ አለቀ። ጠያቂው ምን እንዳጠፋ አይዘረዝርም፣ ተጠያቂውም አያስዘረዝርም። ብዙ ጊዜ ከሰላምታ የማይለይ፣ ደግ የሆነ ልማድ ነው።

"ይቺ ሴት የሰደበችውን ሁሉ አፉ አስብላ እስክትጨርስ አውሮፕላኑ ጥሏት ይሄዳል" አሉ አሠሪዬ፤ ተሳሳቅን።

ልትሄድ አንድ ቀን ሲቀራት መጣች። ሆን ብላ የገበያ ቀን፣ ሰው ሁሉ በተሰበሰበበት። እንደ ልማዷ ከሩቅ ሰማናት፤ እኔም በር ላይ ወጥቼ ቆምኩ።

"ቲማቲምሽ የበሰበሰ ነው ብዬሻለሁ" ትላለች ቲማቲም ሻጯን። "የበሰበሰም ነበር፤ ወላሂ ሐጅ ልሄድ ነው ብዬ አልዋሽም። ግን ገዢ ቆሞ እየሰማ፣ ገበያሽን መዝጋት አልነበረብኝም። አፉ በይኝ!"

ዓሣ ሻጩ ጋ ደረሰች። "አንተን ሌባ ብዬሃለሁ። ሚዛንህን ዛሬም አላምነውም። ሌባ ማለቴን ግን አፉ በለኝ።"

ሰዉ በሳቅ ፈነዳ። ዓሣ ሻጩም እየሳቀ "አፉ ብያለሁ እማማ፣ በሰላም ይመልስዎ" አለ።

"አትሳቅ!" ብላ ጮኸችበት። "እየለመንኩህ እኮ ነው!"

እኔም ስቄአለሁ። ቀስ እያለ ግን ሳቁ ከአፌ ላይ ጠፋ። ሴትዮዋ ሁሉንም ታስታውስ ነበር። ለእያንዳንዱ ሻጭ ያለችውን ቃል እንዳለ፣ ማን አጠገቡ ቆሞ እንደሰማ፣ ሰውዬው ምን ፊት እንዳሳየ ጭምር። እነሱ ራሳቸው የረሱትን ነው የምትነግራቸው። እኔ የተሰደብኩትን ረስቼ ለመኖር ስታገል እሷ ደግሞ የተሳደበችውን አንድም ሳትጥል ይዛው ትዞር ኖሯል። እንዲህ የሚያስታውስ ሰው እንዴት በየገበያው አዲስ ይጨምርበታል? ዛሬም መልሱን አላውቀውም። ያኔ ግን እንደ ተራ ተሳዳቢ ማየቱ አቃተኝ።

ሱቃችን ገባች። ለአሠሪዬ ወንፊቱን፣ የአይጥ ቀሚሱን፣ እኔ የማላውቃቸውን የቆዩትንም ሁሉ ቆጠረችላቸው። አሠሪዬ እጇን በሁለት እጃቸው ይዘው "አፉ ብያለሁ፣ እግዚአብሔር በሰላም ያድርስዎ" አሉ። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች።

"አንቺ ልጅ፣ አፉ በይኝ።"

"አፉ ብያለሁ" አልኩ። ጣቃ እያጠፍኩ ነበር፤ ቀና አላልኩም። ይሄን ብላ እንድትሄድልኝ ነው የፈለግኩት።

አልሄደችም። ባንኮኒው ላይ ተደግፋ አየችኝ። ሁለቱ ጣቶቿ ባዶውን ይታሻሉ።

"ስስ ነው" አለች። "ሌላ የለሽም?"

ደሜ ፈላ። አፉታም እንደ ጨርቅ ይመረጣል? ጣቃውን አስቀመጥኩት።

"ያለኝ ይኸው ነው" አልኩ። "ምን እንዳሉኝ ሳያስታውሱ ወፍራሙን ይፈልጋሉ?"

"አስታውሳለሁ።"

"እንግዲያው ይናገሩታ! ለቲማቲሙም ለዓሣውም ሲናገሩ አልነበር?"

"ተይ ልጄ" አሉ አሠሪዬ። ሴትዮዋ ግን ከባንኮኒው ቀና አለች። ፊቷን ወደ በሩ፣ ወደ መንገዱ አዞረች። ያ የምንፈራው ድምፅ ወጣ።

"ሰዎች! ስሙኝ!" አለች። "ይቺ ልጅ እናቷ ሞታባት፣ ጥቁር ለብሳ እዚህ ቆማ ትሠራ ነበር። የልጄን የሠርግ ጨርቅ ልትቆርጥልኝ መቀስ ብታነሳ ገደቢስ እጅሽን አንሺ አልኳት። አይዞሽ ማለት ሲገባኝ! እናት የሌላትን ልጅ! እጇ ምንም የለበትም። ገደቢስ የኔ ምላስ ነው። ያን ቀን እዚህ የነበራችሁ፣ ወጥታችሁ ለሰው ያወራችሁ፣ ይሄንንም ውጡና አውሩ!"

እስካሁን "አለች"፣ "መጣች" እያልኩ ነው የጻፍኩት። ከዚህ በኋላ አልችልም። ያን ቀን በሆዴ "እሷ" የነበሩት ሴት እዚያው ዓይኔ እያየ "እሳቸው" ሆኑ፤ ወስኜ አይደለም፣ ራሱ ሆነ። ይቅርታ የሚጠይቅ ሰው ብዙ አይቻለሁ። ጥግ ይፈልጋል፣ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል፣ "ምናልባት አስቀይሜሽ ከሆነ" ይላል። እሳቸው በሰደቡኝ ቦታ ቆመው፣ በሰደቡኝ ድምፅ፣ ራሳቸውን ሰደቡልኝ። መንገዱ ላይ የሚያልፈው ሰው ሁሉ ቆሞ ነበር።

ቢሆንም አፉ ማለት አቃተኝ። እግዜር ያውቃል፣ ማለት ፈልጌ ነበር። አፌን ስከፍት ቃሉ እናቴን ይዞ መጣ። ቅድም ያወጣሁት ስስ መሆኑ እውነት ነው፤ ወፍራሙ ግን አልወጣ አለኝ።

ጠበቁኝ። ከዚያ በጣታቸው ወደ ላይ አሳዩኝ።

"ያንን ነጩን አውርጂልኝ። አቡጀዲውን።"

አወረድኩ። አላሹትም። በሩ ጋም አልወሰዱትም። ዋጋ ሳይጠይቁ ሲቀሩ ነው ለምን እንደሚገዙት የገባኝ። ከፈናቸው ነው። ሐጅ የሚሄዱ ትልልቅ ሰዎች መገነዣቸውን ይዘው ሄደው በዘምዘም ውኃ አጥበው ይመልሱታል፤ በመገነዣ ላይ ደግሞ እኛ ሱቅ ማንም ተከራክሮ አያውቅም።

አሠሪዬ ነገሩ ገብቷቸው መቀሱን ሊያነሱ እጃቸውን ዘረጉ።

"አንቺ ተይው" አሏቸው። "እሷ ትቁረጠው።"

"ለሠርግ ያልሆነ እጅ ለከፈን ይሆናል?" አልኩ። አመለጠኝ።

ያን ጊዜ ድምፃቸው ዝቅ አለ። ዝቅ ሲል ሰምቼው አላውቅም ነበር። "ልጄ" አሉኝ። "ገደቢስ ነው ብዬ ባምን፣ አላህ ፊት የምቀርብበትን ልብስ ላስነካሽ?"

ለካሁ። ቆረጥኩ። መቀሱ ቀጥ ብሎ ሄደ። አጥፌ ፌስታል ውስጥ ከተትኩና በሁለት እጄ አቀበልኳቸው። ታዲያ ሻጭ ነኝ፤ ለቀሚሱም፣ ለሱሪውም፣ ለሕፃኑ ልብስም ስል የኖርኩት ምርቃት ሳላስበው ዘሎ ወጣ።

"ላይዎ ላይ ይለቅ!"

ለአዲስ ልብስ ከዚህ የተሻለ ምርቃት የለንም። ረጅም ኑር፣ ለብሰህ ጨርሰው ነው። አሠሪዬ "በስመ አብ!" ብለው አፋቸውን በነጠላቸው ያዙ። አንዲት ደንበኛ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፤ ትከሻዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። እኔ መሬት አፏን ከፍታ ብትውጠኝ ደስ ባለኝ። የሰው ከፈን ይዤ፣ ሐጅ ለሚሄድ ሰው፣ መቃብር ውስጥ ይለቅብዎ ማለቴ ነው።

እሳቸው ፌስታሉን ደረታቸው ላይ ለጥፈው ትንሽ አሰቡ። ከዚያ መዳፎቻቸውን ወደ ላይ ከፈቱ።

"አሚን!" አሉ። ዞረውም ሱቁን በሙሉ ተቆጡት። "ምን አፈዘዛችሁ? መረቀችኝ እኮ! ሌላ ሰው የማይለብሰው ልብስ ነው፣ እኔው ላይ ይለቅልኝ እንጂ! አሚን በሉ!"

"አሚን!" አልን። አሠሪዬ "አሜን" አሉ። በር ላይ የቆሙትም፣ ምን እንደተባለ ያልሰሙትም ሳይቀሩ አሚን አሉ።

ከፍለው ወጡ። ባጃጅ ሲገቡ በመስኮት አየኋቸው፤ ፌስታሉን ጭናቸው ላይ አስቀመጡት። ያኔ ነው የደነገጥኩት። አፉ አላልኳቸውም። ነገ ማለዳ ወደ ደሴ፣ ከዚያ ወደ አዲስ አበባ፣ ከዚያ ወደዚያ ሩቅ አገር ይሄዳሉ፤ በዚያ ዕድሜ የሄደ ሰው መመለሱን ማን ያውቃል? ከሰው ሁሉ አራግፈው የኔን ሐቅ ብቻ ይዘው ሊሄዱ ነው። እኔም ቃላቸውን ይዤ ልቀር ነው። በባንኮኒው ሥር ሾልኬ ወጣሁ። ባጃጁ ተነሥቷል።

"እማማ!" አልኩ እየሮጥኩ። "አፉ ብያለሁ!"

ባጃጁ ቆመ። በሸራው ጎን ራሳቸውን ብቅ አደረጉ። ገበያው በሙሉ ወደኔ ዞሯል። ፊታቸው ኮስተር እንዳለ ነው፤ ዓይናቸው ግን ሞልቶ ነበር። መስማታቸውን አውቄአለሁ።

"አልሰማሁም!" አሉ። "እኔ ስጮህልሽ አልነበር? አንቺን ምን ያንሾካሹክሻል?"

ጮህኩ። እናቴን ስቀብር ያልጮህኩትን ሁሉ ጮህኩ።